ጋሽ ከድር ያልሳሉበት ካሴት

ባለፈው ሮቤ ብቅ ብዬ የእናቴን ቤት ሳሰናዳ፣ ከአልጋ ሥር አንድ ያረጀ ቴፕ ጎትቼ አወጣሁ። የድንጋይ ማስቀመጫውን ክዳን ስከፍተው የፈሰሰ የባትሪ ድንጋይ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው፣ ዝገትና ኮምጣጤ ተጋብተው ያሳደጉት ባለጌ ልጅ ነው ብል ይበቃል። ሌላውን ሰው የሽቶ ሽታ ፍቅረኛውን ያስታውሰዋል፤ እኔን የፈሰሰ ድንጋይ የሚያስታውሰኝ ጠፈርን ነው። እንደ ዋዛ አትዩብኝ፤ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ወንድሜ እዚያ ነበር። ቢያንስ ከየካቲት እስከ ሰኔ።

ወንድሜ ግርማ ይባላል። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነበር የምለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሮቤ ብርድ ከሕፃንነቱ አፍንጫውን ስለያዘው ሳይስብ አንድ ዐረፍተ ነገር የማይጨርስ ልጅ ነበር። ሲናና ላይ የስንዴ ኮምባይነሮችን ተከትሎ ሲሮጥ አደገ፤ በመጨረሻ መንግሥት የእርሻ መኪና እንዲማር ምሥራቅ ጀርመን ሰደደው። ሲሄድ ከልብሱ ጋር ቢጫ ወረቀት የተለጠፈባት አንዲት ካሴት ያዘ።

በሰፈራችን ልጁ ባሕር ማዶ የሄደበት ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ባዶ ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ አንዲቷ ካሴት ትመላለሳለች። ልጁ ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ ይልካል፤ ቤተሰቡ ሰምቶ ሲጠግብ እዚያው ላይ መልሱን ቀድቶ ይመልሳል። አዲሱ ድምፅ አሮጌውን ይበላዋል። እናቴ የጋሼን ሰላምታ በላች፤ ጋሼ ደግሞ የእናቴን ምርቃት ሊበላ ተራውን ይዞ ነበር።

ካሴቷ የምትሰማውና የምትቀዳው በጋሽ ከድር ቴፕ ነው። ጋሽ ከድር ከጊኒር መጥተው ሮቤ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እናቴ እሳቸው በረንዳ ላይ በስፌት መኪና ታሳድገን ነበር። ከጨርቁ ጎን ለጎን የዘፈን ካሴት ያባዛሉ። አባዛዛቸውም ቀላል ነው፤ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት ያፋጥጣሉ፤ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ይቀዳል። በመሃል የተነፈሰ ሰው ሁሉ አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔ ሥራ በራፉ ላይ ቆሞ ሰው ዝም ማሰኘት ነበር። «ጨሊሲ!» እላለሁ በኦሮምኛ። ሸማቹ ዝም ይላል፣ ባለጋሪው ዝም ይላል፣ እናቴ ፔዳሏ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ዝም ትላለች። እውነቱን ልንገራችሁና፣ እኔ «ጨሊሲ» ስል የሲናና ኮምባይነሮች ሞተር ያጠፉ ነበር።

ችግሩ ጋሽ ከድር ራሳቸው ናቸው። ብርድ ደረታቸው ገብቶ ያስላቸዋል፤ ባለቤቱን ደግሞ ማን «ጨሊሲ» ይለዋል? በዚያ ዘመን ሮቤ ውስጥ ጋሽ ከድር ያልሳሉበት ዘፈን አልነበረም። እኔ ሳሉ የዜማው ክፍል መስሎኝ ነው ያደግሁት። ሰርግ ቤት ዘፈኑ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እኛ ልጆቹ ባንድ ላይ «እህ! እህ!» እያልን እናጅብ ነበር። ኋላ ሌላ አገር ሄጄ ያንኑ ዘፈን ያለ ሳል ስሰማው የተቆረጠ ነው ብዬ ከባለ ሱቁ ጋር ተጣልቻለሁ።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ከመስከረም ወዲያ ከጋሼ ግርማ ምንም አልመጣም። ጥቅምት ጭጭ፣ ኅዳር ጭጭ። ጎባ ላይ የአንዲት ሴት ልጅ ታሞ ከባሕር ማዶ በቃሬዛ ተመለሰ የሚል ወሬ ከተሰማ በኋላ እናቴ የምትሰፋቸው ሱሪዎች አንዱ እግራቸው ካንዱ ማጠር ጀመረ። ባለ ሱሪዎቹ እያነከሱ ሲመጡ ታርማለች፤ ያን ጊዜ ረጅሙ አጭር ይሆናል። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ለራሷ «ድምፁን ብቻ» ትላለች። «ድምፁን ብቻ ልስማ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

በጥር አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ቢጫዋን ካሴት ይዞ ከች አለ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሮጠ። ጨርቅ ቤቱ ሞላ። የቀበሌያችን የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ጓድ ታፈሰም መጣ፤ ከሦስት ሰው በላይ ተሰብስቦ እሱ የማይገኝበት ቦታ ለቅሶም ቢሆን አይሟላም። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇ የሚያያት ይመስል ፀጉሯን ዳብሳ ቁጭ አለች። ጋሽ ከድር «ቢስሚላሂ» ብለው ቁልፉን ተጫኑ።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ አንድ ድምፅ መጣ። መጣ ልበል እንጂ የት እንደ ጀመረ አይታወቅም። እንደ ንብ ነው እንዳልል ንብ ሥራ አለው፤ ይህ ሥራ ፈት ነው። ቤተ ክርስቲያን የምታህል ላም «እምቧ» ማለት ጀምራ መጨረሱን የረሳችው ይመስላል። ከላይዋ ደግሞ አልፎ አልፎ ቀጭን ነገር «ትን» ይልና፣ ማንም ሳይጠራው እንደ መጣ፣ ማንም ሳያባርረው ይሄዳል። ከበሮ የለ፣ ክራር የለ፣ ግጥም የለ። «እንዴት ናችሁ» የለ።

«ድንጋዩ ደክሟል» አሉ ጋሽ ከድር። እውነታቸውን ነው፤ ድንጋይ ሲደክም የሴቱ ድምፅ የወንድ፣ የወንዱ ድምፅ የበሬ ይሆናል። «ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣውን አምጪ!»

ሮጬ አመጣሁ። ላሟ አልነቃችም። ከመደርደሪያ አዲስ ድንጋይ አውርደው ሲከቱባት ትንሽ ድምጿ ጠራ እንጂ መናገር አልጀመረችም። ካሴቷ ተገለበጠች፤ በሌላውም ጎኗ ያችው ላም ናት።

ሰዉ መተያየት ሲጀምር ጓድ ታፈሰ ተነሣና ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች! ይህ የፋብሪካ ድምፅ ነው። ጓድ ግርማ የወንድም ሕዝብ ኢንዱስትሪ እንዴት እንደሚያጓራ በቀጥታ እያሰማን ነው!»

ተጨበጨበ። ጓድ ታፈሰ ተናግሮ ያላጨበጨበ ማን አለ? እናቴም ሁለቴ አጨበጨበች፤ ከዚያ እጇ እንደ ተጋጠመ ቀረ።

«ጓድ ታፈሰ፣ ፋብሪካው ደህና ነው» አለች። «ልጄ ነው የጠፋኝ።»

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጋሽ ከድር ትርፍ ቴፓቸውን አዋሷት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ በረንዳው ላይ ስትሰፋ ላሟን ከጎኗ ታስቀምጣለች። ጨርቅ ሊገዙ የመጡ አንዲት የሲናና እናት ጆሯቸውን ቀስረው «ማልታኤ? ምን ሆነች ይቺ? ልትወልድ ነው?» ሲሉ እናቴ በትሕትና «አይ፣ የልጄ ናት» ትላቸዋለች። ግራ መጋባታችን እዚህ ደረጃ ደርሶ ነበር። ጉንፋን ይሆን ያፈነው? አንደበቱ ተይዞ ይሆን? ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለእናቱ የሚልከው ምን ቢደርስበት ነው? እኔም እየሰማሁ እየሰማሁ ነገሩን ለመድኩት፤ ክፍል ውስጥ የሒሳብ መምህሩ ሲናገር ሳይቀር ከበስተጀርባው «እምም» ትለኛለች።

በየካቲት ትምህርት ቤታችን በላንድሮቨርና በጭነት መኪና ጭኖ ፊልም ሊያሳየን ጎባ ወሰደን። ከወዳጅ አገር የመጣ ፊልም ነው ተባለ፤ ቋንቋው ግን ለማናችንም ወዳጅ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ሰውዬ ድምፅ ማጉያ ይዞ ከመጋረጃው ጎን ቆሞ ይተረጉማል። ቋንቋውን እንደማያውቅ የገባኝ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ቆይተው «አሁን እየተጨቃጨቁ ነው» ሲለን ነው። አንዱ አለቀሰ፤ «አዝኗል» አለን።

የገባኝ ይህን ያህል ነው። ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች በአንድ ትልቅ የብረት ቤት ውስጥ ሆነው ወደ ሩቅ ኮከብ ይሄዳሉ። መተላለፊያው እንደ ጎባ ሆስፒታል ረጅም ነው፤ በሽተኛ ብቻ የለውም። አንደኛው ሰውዬ በመስኮት ወደ ጨለማው አየ። ተርጓሚውም የሚለው አጥቶ ዝም አለ። ያኔ ነው የመጣችው።

«እምም…» አለች ላሟ። ከላይዋ «ትን»።

ወንበር ላይ ቆምኩ። «ጋሼ ግርማ!» ብዬ ጮህኩ። አዳራሹ ሙሉ ዞረ። መምህራችን በጆሮዬ ይዘው አስቀመጡኝ፤ ግን ጆሮዬን ቢቆርጡትም የሰማሁትን ሰምቻለሁ። ነጭ ቱታ የለበሱትን ሁሉ ፊታቸውን አንድ በአንድ መረመርኩ። አንዱ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመው ቁመቱ ልክ ነበር።

ጎባና ሮቤ ቅርብ ናቸው ይባላል፤ ያን ቀን ግን መኪናው ወደ ኋላ የሚሄድ ነበር የመሰለኝ። በረንዳው ላይ ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጧል።

«እማዬ! ጋሼ ግርማ ኮከብ ላይ ነው! በዓይኔ አይቼዋለሁ! ጀርባውን!»

ሌላ እናት ብትሆን በጥፊ ታልሰኝ ነበር። እናቴ ግን ከጥር ጀምሮ ያገኘችው ማብራሪያ ያለቀ ድንጋይና ፋብሪካ ብቻ ነው። መርፌውን ከጨርቁ አውጥታ አየችኝ።

«ይበርዳል?» አለች።

«ምኑ?»

«ያለበት ነዋ! ይበርዳል ወይ?»

«ከሳነቴ ተራራ ይብሳል መሰለኝ። ግን ወፍራም ቱታ አላቸው።»

«ምን ይበላሉ?»

«እንደ ጥርስ ሳሙና ከቱቦ እየጨመቁ።»

እዚህ ላይ ፊቷ ተለዋወጠ። ኮከቡን እንደ ምንም ችላው ነበር፤ ቱቦው ግን አልተዋጠላትም። ጋሽ ከድር ከውስጥ ሆነው «አላህ ይጠብቀው፤ ምሥራቅ ጀርመንና ኮከብ ይራራቃሉ እንዴ?» ሲሉ ሰማኋቸው። የጂኦግራፊ ትምህርታችን እስከዚያ አልደረሰም። እናቴ በማግሥቱ ገብስ ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በንጥር ቅቤ ጭኮ ማሸት ጀመረች። አንድ ኮከብ ሙሉ ሰው የሚያጠግብ ጭኮ።

ልጄ አሁን እንደ ላሟ ያለ ድምፅ በስልኳ እያሰማች «አምቢየንት ይባላል፤ ለእንቅልፍ ጥሩ ነው» ትለኛለች። እኛን ሁለት ወር እንቅልፍ የነሳን ነገር ነው።

መጋቢት ላይ ጎባ ያለ የአንድ ጸሐፊ ልጅ፣ እሱም ወደ ጀርመን የሚሄድ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ በላንድሮቨር በቤታችን በኩል እንደሚያልፍ ላከብን። ጭኮውንም ካሴቷንም ይወስዳል። እንግዲህ በደንቡ መሠረት መልሳችንን ላሟ ላይ መቅዳት ነበረብን። እኔ አልቅሼ ሞትኩ፤ ላሟ ከጠፋች ጋሼ ምን ተከትሎ ይመለሳል? እናቴም ፊቷ ዳምኖ ነበር። ጨርቅ ቤቱ ሰው ስለሚበዛበት ጋሽ ከድር ቴፑን ተሸክመው እኛ ቤት መጡ። ጓድ ታፈሰ አጭር መልእክት አለኝ ብሎ አራት ገጽ ወረቀት ይዞ ተከተላቸው።

ጋሽ ከድር የመቅጃውን ቁልፍ ሊጫኑ ሲሉ እናቴ እጃቸውን ያዘች።

«ይቆዩ ጋሽ ከድር። ከመጥፋቱ በፊት አንዴ ልስማው።»

ጸጥ ያለ ቀን ነበር፤ ጎረቤት የለ፣ የስፌት መኪና የለ። ጆሮዋን ቴፑ ላይ ለጠፈች። ላሟ ጀመረች። ሄደች፣ ሄደች፣ ከዚያ ድምጿን ዝቅ የምታደርግበት ቦታ ደረሰች። እናቴ ብድግ አለች።

«ይመልሷት!»

መለሷት። ሁላችንም ጎንበስ አልን። ከላሟ ጀርባ፣ ከጠፈሩ ወዲህ፣ አንድ አፍንጫ ተሳበ።

«እሱ ነው» አለች እናቴ። «አለ።»

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተሳበ። ወንበር ሲጢጥ አለ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይታወቅም። «ቴፕ ፊት ቴፕ ደቅኖ ነው የቀዳው፤ እንደ እርስዎ! ራሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ዝም ብሏል። ይሄን ሁሉ ሰዓት እዚሁ ነበር!»

«ወላሂ!» አሉ ጋሽ ከድር ጭናቸውን መትተው። «ሳል የለበትም እንጂ የኔው ሥራ ነው!»

እኔ ግን የባሰ ግራ ገባኝ። ኮከብ ላይም ጉንፋን አለ ማለት ነው?

«ይቺ ካሴት አትነካም» አለች እናቴ። ጋሽ ከድር አልተከራከሩም። ማንም ያልገዛቸውን አንድ የዘፈን ካሴት ከሱቅ አምጪ ብለው ሰደዱኝ። የዘፈን ካሴት እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለው ጥርስ ይሰበራል፤ እሳቸው ቀዳዳውን በታኘከ ወረቀት ደፍነው ባዶ እንደሆነ አሳመኑት። «በይ እትዬ በላይነሽ፣ ተናገሪ» ብለው ተጫኑ።

እናቴ አፏን ከፈተች። በቀን ስድስት ሰው የምታስኮርፍ ሴትዮ ናት፤ ቃል የሚባል ነገር ጥሏት ሄደ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እንዲህ ሆና እያለች ነው የበልጉ በረዶ ቆርቆሮአችን ላይ የወረደው። እንደ እርግብ እንቁላል ነበር ብል አታምኑኝም፤ እንደ ዶሮ እንቁላል ነበር።

እኔ የሥራ ልምድ ይዞኝ ወደ ጣሪያው አንጋጥጬ «ጨሊሲ!» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ ተባልኩ። በረዶው ለዝናብ ለቀቀ። ጣሪያው በአራት ቦታ ማፍሰስ ጀመረ፤ ድስት፣ ሳፋ፣ ጣሳና የሕፃንነቴን ፖፖ ሮጬ ደቀንኩ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ድምፅ «ጠብ… ደም… ትን…» ማለት ያዙ። ጓድ ታፈሰ ታሪክ እንዳያመልጠው ብሎ አራት ገጹን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፤ አፉ ሲከፈትና ሲዘጋ አይተናል። ጋሽ ከድር ሁለቴ ሳሉ። ድንጋዩን ቆጥቡ ያለ የለ፣ አጥፉት ያለ የለ፤ ሁላችንም አፋችንን ይዘን የእናቴን ቃል እንጠብቃለን። ቴፑ «ቀጭ» ብሎ ራሱ ቆመ። በዚያው ቅጽበት ውጭ የላንድሮቨሩ ጥሩንባ ጮኸ።

ሌላ ለመቅዳት ጊዜ አልነበረም። ጭኮውም ካሴቷም ሄዱ። እናቴ በራፍ ላይ ዝናብ እየመታት ቆመች። «አንድ ቃል ሳልለው» አለች። «አሁን ደግሞ እሱ እኔን ሞተች ይላል።»

ሚያዝያና ግንቦት እንዴት እንዳለፉ አትጠይቁኝ። ሱሪዎቹ ባጠቃላይ ቁምጣ ሆኑ። ማታ ስንተኛ እናቴ ላሟን ትከፍትና አፍንጫው እስኪሳብ ትጠብቃለች፤ ሲሳብ ታጠፋዋለች።

በሰኔ፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ካሴቱ ተመለሰ። ጨርቅ ቤቱ እንደገና ሞላ። ጋሽ ከድር ቢስሚላሂ ብለው ተጫኑ።

«እማዬ» አለ ቴፑ። አፍንጫ ተሳበ። «ደህና ነኝ።»

እናቴ እንዲያጠፉት በእጇ ምልክት ሰጠች። ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ እንዲቀጥሉ ምልክት ሰጠች።

«ፈተና ስለነበረብኝ ነው የዘገየሁት። ኋላም ልቀዳላችሁ ቁጭ ስል ቃል ጠፋኝ። አብሮኝ የሚኖረው ጀርመን ስለ ሩቅ ከዋክብት የተጻፉ ልቦለዶች ሲያነብ የሚከፍተው ሙዚቃ አለ፤ በኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው የሚሠራው። ሰው ያልረገጠው ዓለም ድምፅ ቢኖረው እንዲህ ነው የሚሆነው ይላል። እኔ ስሰማው የሳነቴ ጉም ነው የታየኝ። እናንተም ይገባችኋል ብዬ እሱን ቀዳሁ።»

«ገብቶናል!» አለ ጓድ ታፈሰ። ማንም አላጨበጨበለትም።

«ጭኮው በሁለት ቀን አለቀ፤ ጀርመኖቹ ጣታቸውን ላሱ። የላካችሁትን ደግሞ መጋረጃ ዘግተን፣ ወለል ላይ ተቀምጠን ሰማነው። ማንም አልተነፈሰም። እኔ እንኳ የማን ቤት እንደሆነ ስላወቅኩ ለብቻዬ ወጥቼ ተመለስኩ። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ከሰማው ሁሉ ይበልጣል አለ። በተለይ መሃል ላይ ከሩቅ የምትጮኸውን እንቁራሪት ወደዳት።»

ሁሉም ዞሮ ጓድ ታፈሰን አየ። ጓድ ታፈሰ ኮፍያውን አየ።

«አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብሎኛል» አለ ጋሼ፤ ሳበ። «እንዲህ ያለ ድምፅ የምታወጡበት መሣሪያ ምንድን ነው? ስንት ቁልፍ አለው?»

ጋሽ ከድር ቴፑን አቁመው መልሱን ለመቀበል እንደተዘጋጀ ሰው እናቴን አዩዋት። እኔም አየኋት። እስከዚያች ቀን ድረስ ወንድሜ ከየት እንደሚያወራን በትክክል አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም እርግጠኛ አይደለሁም። እናቴ ግን ለዚህኛው ጥያቄ ሳታስብ መልስ ነበራት።

«ቁልፍ የለውም በሉት» አለች መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባች። «የሠላሳ ቆርቆሮ ቤት ነው።»